ቦምቡን ማን ጣለው

እኔ በሕይወቴ አውሮፕላን የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስወጣ። እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ የአጠገቤን ሰውዬ ክንድ ይዤ ነው የጨረስኩት። እንዲህ ያለችው ሴት ጄኔቭ ተቀምጣ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነገር ስታስተረጉም ከረመች ቢባል ማን ያምናል? ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ነገሩ ግን አሁንም ተጣርቶልኛል አልልም።

ጊዜው ደርግ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የገዛበት ነው። የምኖረው ጄኔቭ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር፣ ከእነዚያ ትልልቅ ሕንጻዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሥራዬ ደግሞ ካሩዥ ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። ፈረንሳይኛውን ከልጅነቴ አዲስ አበባ ስለተማርኩት የስደተኞች ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣበት ይጠራኛል። ያን ጊዜ ሽርጤን አውልቄ ትራም ላይ እንጠለጠላለሁ። አልዋሽም፣ ኩራት ነበረብኝ። «እሷ እኮ አንድ ቃል አይወድቅባትም» ሲባል መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጠሩኝና ስደርስ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ጠበቀኝ። የአየር ኃይል መቶ አለቃ ነበር። ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ከጓደኞቹ ጋር ተልኮ ሲመለስ ዙሪክ ላይ አውሮፕላን ይቀይራሉ፤ እሱ ሽንት ቤት ገባ፣ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያ ቃሉን እዚያው ዙሪክ ሰጥቷል፤ ከዚያ ወደ ጄኔቭ መደቡትና ሁለተኛውን ቃል የሚቀበሉት የኛው ቢሮ ሰዎች ሆኑ። ጨዋ ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ፣ እጅ ነስቶ ነው የጨበጠኝ። ችግሩ ሲናገር ከንፈሩ አይከፈትም። ቃሉ ጢሙ ውስጥ ያልቃል።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ጮክ በል፤ ጠንቋይ አይደለሁም» አልኩት።

«እሺ እህቴ» አለኝ፤ እሱንም በግድ ነው የሰማሁት።

የአስተርጓሚ ደንብ አለ። ሰውየው «እኔ» ሲል አስተርጓሚዋም «እኔ» ነው የምትለው፤ «እንዲህ ይላል» ማለት አይፈቀድም። ስለዚህ ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ጦርነት ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ የተነሳሁት፣ ካርታ ጭኔ ላይ የዘረጋሁት፣ የጠላትን የነዳጅ ማጣሪያ ለመምታት የበረርኩት እኔው ነኝ። ቃሉን የሚቀበለው ሹም ጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሲያየኝ «እውነት አንቺ ነሽ እንዴ?» የሚል ይመስል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ቦምብ ጣይ ውስጥ ሦስት ሆነው ሄዱ። ሻለቃው፣ ማለት አለቃቸው፣ አውሮፕላኑን ያበራሉ። አንዱ ሬዲዮ ላይ ነው። መቶ አለቃው ናቪጌተር ነው፤ መንገዱን ይቀይሳል፣ ቦታው ሲደርሱ ደግሞ አውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ በመነጽር ቁልቁል ያያል። ቦምቡን የሚለቀው ቁልፍ ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ በሻለቃው እጅ፣ አንዱ በእሱ። የነዳጁ ጋኖች ከላይ ሲታዩ አፋቸውን የተደፉ ድስቶች ይመስሉ ነበር አለ። ጠላት ጎማ እያነደደ ቦታውን በጭስ ሸፍኖታል። ጋኖቹን አየ፤ ጠፉበት፤ እንደገና አየ፤ እንደገና ጠፉበት። ቦምቡ ወረደ። ጋኖቹ ምንም አልሆኑም። የወደቀው ከአጥሩ ወዲያ፣ የማጣሪያው ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው በሚኖሩበት ሰፈር ላይ ነው።

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ቦምቡን የለቀቀው ማን ነው?» አለ።

አስተረጎምኩለት። መቶ አለቃው ጉልበቱን እያየ አንድ ቃል ተናገረ። እኔ የሰማሁት «ጣሉት» የሚል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሻለቃው «አሉ፣ አዘዙ፣ አዩ» ሲል ስለነበር አልተጠራጠርኩም። በፈረንሳይኛ «አለቃው ጣለው» አልኩ። ጸሐፊዋ ታይፑን ተታተታተታ አደረገችው፤ አለቀ። የቀረውም ተጻፈ፦ ሲመለሱ ካድሬዎቹ «ይህ አሻጥር ነው፣ ሆን ተብሎ ነው የተሳተው» አሉ። ሻለቃውን ወሰዷቸው። አልተመለሱም። እሱ ቢመለስ ደግሞ፣ ከነኩብለላው፣ የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። መቶ አለቃው ነው። እጁ ላይ ደብዳቤ አለ፤ ፖስታው ላብ ጠጥቷል። «እህቴ፣ አንብቢልኝ» አለ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩና ግማሹ ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። ዙሪክ ላይ በሰጠው ቃል ቦምቡን ሦስቱም አብረው እንደጣሉት ተናግሯል ይላል፤ ጄኔቭ ላይ ግን አለቃው ብቻ ናቸው ብሏል። ስለዚህ ቃሉን ለራሱ እንዲስማማ ለውጧል። በሕጋቸው ደግሞ በሰው ቤት ላይ በገዛ እጁ ቦምብ ያወረደ ሰው ጥገኝነት አይሰጠውም። በሠላሳ ቀን ይግባኝ ካላለ አገሩ ይመለሳል።

«አገሩ ይመለሳል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሱ ፖስታውን እያጣጠፈ ቆመ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ በማን? ዙሪክ ባለው አስተርጓሚ።

«ስለ ሻለቃው ያልከውን ነው ወደ ብዙ የቀየረብህ» አልኩት። «ጀርመንኛ አውቃለሁ ብሎ አማርኛውን ረስቶታል። ሄደን ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያምን እናደርገዋለን።»

«ይቅር፣ ተይው እህቴ» አለ።

«ምኑን ነው የምተወው? ሊገድሉህ እኮ ነው!»

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ በባቡር ወደ ዙሪክ ሄድን። ሦስት ሰዓት መንገድ ሙሉ ያስተረጎምኩትን ቃል በቃል እያወራሁ ሄድኩ፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል። አስተርጓሚው የሚኖሩት እዚያው ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል ነው። በጃንሆይ ጊዜ ጀርመን አገር የተማሩ፣ ፖስታ ቤት ጥቅል ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በስልክ «ኑ፤ ግን ዋሽታጌ ነው» ብለውኝ ነበር። ዋሽታግ የልብስ ማጠቢያ ተራ ነው፤ እዚያ ሕንጻ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተከራይ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ይደርሰዋል፤ ያን ቀን ያሳለፈ ቆሻሻውን ታቅፎ ይቀመጣል። እና ምን ይሻላል፣ ምድር ቤት ወርደን ማሽኖቹ መካከል አገኘናቸው። ከረባት አስረው አንሶላ ያሰጣሉ።

ሰላምታው እንዳለቀ አልቻልኩም፤ ገባሁበት። «ጋሼ፣ ይህን ልጅ ሊገድሉት ነው፤ በእርስዎ ቃል።»

«በእኔ?» አንሶላውን ገመዱ ላይ እያስተካከሉ ተቆጡ። «የተናገረውን ነው የተረጎምኩት። ‹ጣሉት› አለ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስት ሰዎች ሲጥሉ ‹ጣሉት› ይባላል። አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው አንድ ያደረግሽው?»

«ሻለቃው አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸዋ! ‹ሻለቃው መጡ› ብልዎት ስንት ሻለቃ ይቆጥራሉ?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ዋጡት። «ሻለቃው ብሎ ቢጠራቸው ኖሮ አንድ አደርጋቸው ነበር። አልጠራም። ‹ጣሉት› ብቻ ነው ያለው። አንቺስ ጋ ጠራ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። አልጠራም ነበር። ያንኑ አንድ ቃል ነው የተናገረው። ይህን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ደንገጥ ያልኩት። እሳቸውም እኔም ልክ ነን፤ ሁለታችንም ልክ ከሆንን ታዲያ እሱ ምን አለ? ሁለታችንም ዞረን አየነው። አንዱ ማሽን መጭመቅ ጀምሮ ምድር ቤቱን እያንቀጠቀጠው ነው።

«የኔ ልጅ» አሉት ሽማግሌው፣ «ምን ነበር ያልከው? ማን ጣለው?»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን።

«ምን?» አሉ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው።

ደገመው። እሳቸው «ጣሉት አለ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ማሽኑ ተንገጫግጮ ቆመ። ጸጥ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ።

«ጣልኩት። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የልብሱን ቅርጫት ገልብጠው ተቀመጡበት። ያን ያህል መንገድ የመጣሁት የሰው ጥፋት ላሳምን ነው፤ አሁን ማንን እንደምቆጣ አላውቅም።

«ዙሪክም እንደዚህ ነው ያልከው? እኔ ጋም?» አልኩት።

«መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ ምንድን ነው? ቃሉ ሲያልቅ ወደ አማርኛ መልሼ አንብቤልህ አልነበረም? ‹ሻለቃው ጣሉት› ስል ተቀምጠህ ሰምተሃል። ለምን አላረምከኝም?»

«ሰምቻለሁ።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እንጃ እህቴ። እንደዚያ ብለሽ ስታነቢው ደስ አለኝ። ዙሪክም ጋሼ ‹ጣሉት› ብለው ሲያነቡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እናንተ ከሰማችሁት እንደዚያ ብዬ ይሆናል አልኩ። አሁን የቱን እንዳልኩ ራሴም አላውቀውም።»

ከዚያ ሳይጠየቅ ስለ መነጽሩ ነገረን። መልቀቅ የነበረበት ጋኖቹ መስቀለኛው መስመር ላይ ሲገቡ ነው። ገብተው ነበር፤ አይቷቸዋል። ጣቱ ግን አልታዘዘም። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ፈርቶም አልነበረም። ጭሱ መጣ፣ ሻለቃው በሬዲዮ «ምን ትጠብቃለህ?» አሉ፣ ያኔ ጫነው። የዘገየው አንድ ሦስት እስኪቆጠር ያህል ነው። ሽማግሌው አንድ ካልሲ እጃቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

በመጨረሻ ተነሱ። «ደብዳቤ እጽፋለሁ» አሉ። «በአማርኛ ‹ጣሉት› ማለት ብዙ ሰውም፣ አንድ የተከበረ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ እኔ በብዙ ተረጎምኩት፣ ባልደረባዬ በአንድ፤ አመልካቹ ቃሉን አልለወጠም ብዬ። በዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የትኛውም ሊቅ ይምጣ።»

«አሁን የሰማነውስ ጋሼ?»

«እኛ የሰማነው ማሽን ነው ልጄ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም ስማቸው ከተጻፈበት በታች ፈረምኩ። ይህን ያደረግኩት ከልቤ ነው፤ ዛሬ ቆንጠጥ የሚያደርገኝ እሱ አይደለም። ሰውየውን ከሞት ማዳን ነበረብን። ስንመለስ ባቡር ውስጥ አስጠናሁት፦ «ቢጠይቁህ ‹ሻለቃው ጣሉት› በል። እሳቸው ሞተዋል፤ ምንም አይጎድልባቸውም።»

«ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ» አለ።

«ሙት ከምትሆን ሙት ብትወቅስ ይሻላል» አልኩት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ይግባኙ ገባ። ደብዳቤው ሠራ፤ ሹሙ ነገሩ በጣም ገርሞት ለሦስተኛ ጊዜ ጠራን። አንድ ሰው በሌለበት ሲወራ እንኳ ተከብሮ ብዙ የሚሆንበት ቋንቋ ሰምቶ አያውቅም። እየሳቀ «እኔንስ በስንት ትቆጥሩኛላችሁ?» ብሎ ቀለደብኝ። ጸሐፊዋም ሳቀች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር እንኳ የለዘበ መሰለኝ። «ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሱን አጣርተን መዝገቡን እንዘጋለን» አለ። ፐርሚውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ ያህል ልቤ አረፈ።

«ቦምቡን የለቀቀው ማን ነው? አለቃህ ነው?»

አስተረጎምኩ። ከልምዴ ውጪ «ሻለቃው ናቸው?» የምትለውን ጠንከር አድርጌ፣ መልሱን እያጎረስኩት ነው የጠየቅኩት። መቶ አለቃው ጉልበቱን አላየም። ቀና አለ። ከተዋወቅን ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጣልኩት» አለ።

«ኩ»ዋ ጥርት ብላ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። ማሽን የለም፣ ጢም የለም፣ ምን የለም። እንግዲህ የሰማሁትን ልናገር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩና በፈረንሳይኛ «እሱ ነው፤ አለቃው ነው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ታይፑ ተታተታ ማለት ጀመረ።

መቶ አለቃው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «ኖን» አለ ለሹሙ። ከዚያ ደረቱን በጣቱ ነካና «ሙዋ» አለ። ጄኔቭ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ከአፉ የሰማሁት ፈረንሳይኛ ይኸው ሁለት ቃል ነው። አይደለም፤ እኔ።

ታይፑ ቆመ። ሹሙ እሱን አየ፣ እኔን አየ። ፊቴ እንደ ሚጥሚጣ ሲቃጠል ይታወቀኛል። ሹሙ ብዕሩን አንስቶ ራሱ ጻፈው።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ጠበቅኩት። «አብደሃል? ያንን ሁሉ ደክመን፣ ሽማግሌው ክብራቸውን ጥለው ጽፈውልህ፣ እኔ እንጀራዬን አስይዤ! ምን ነካህ?»

ኮቱን ቀስ ብሎ ለበሰ። አልተቆጣም፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

«እህቴ፣ የተመለስን ዕለት ካድሬዎቹ ጎን ለጎን አቁመው ‹ማን ጣለው?› አሉን» አለ። «ሻለቃው ‹ጣልኩት› አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ።»

ትራም ፌርማታው ድረስ አብረን ሄድን፤ የእሱ ቀድሞ መጣ፣ ጨብጦኝ ተሳፈረ።

ጥገኝነቱን አልሰጡትም። ግን ቢመለስ እንደሚገደል ስላመኑ አልመለሱትም፤ በየዓመቱ የምትታደስ ወረቀት ሰጥተው እንዲሁ አንጠልጥለው አኖሩት። ደርግ እስኪወድቅ በየዓመቱ እየሄደ ሲያሳድስ ኖረ። እኔን ቢሮው ከዚያ ወዲያ አልጠራኝም፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አድሊስቪል ደውዬ ለሽማግሌው የሆነውን ስነግራቸው «ደግ አደረግሽ፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር» አሉኝ። አላጽናናኝም።

ምን እንዳደረግኩ አሁንም አይገባኝም። ላድነው ብዬ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያ ሰው አንዴ ዝም ብሎ ሰው ሞቶበታል፤ አንዴ ደግሞ እናንተ ከሰማችሁት ብሎ ተደብቋል፤ በስንት መከራ አፉን ከፍቶ ሲናገር ቃሉን ከአፉ ላይ የቀማሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን «ጣሉት» ይበል «ጣልኩት» ዛሬም ብጠየቅ መማል አልችልም። የመጨረሻውን ቀን ግን በደንብ ሰምቼዋለሁ።